ብርሃን የሚጎዳቸው ወደቦች፦ በጥር ከለንደን እስከ ኤድንብራ

ሰኞ፣ ለንደን

የመጣሁት የጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነርን ወደቦች ለማየት ነው። ተርነር እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወራትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ጥር የምለው ጃንዋሪን ነው።) አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ልጁ በ14 ዓመቱ ሮያል አካዳሚ የሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1851 እስኪሞት ድረስም ከባሕርና ከመርከብ አልተለየም። የውሃ ቀለምም የዘይት ቀለምም ሠዓሊ ነው፤ በሁለቱም የሚስተካከለው አላገኘሁም። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሥራዎቹን በስልክ ስክሪን እያየሁ ለዓመታት ተምሬባቸዋለሁ። በውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዓይኑ ሊያያቸው ይመኛል። ጥርን የመረጥኩትም ያለ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን ኤድንብራ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ናሽናል ጋለሪ የሄድነው ከአክስቴ ጋር ነው። ብዙ ዘመን ለንደን ኖረዋል፤ ትራፋልጋር አደባባይን ግን በአውቶቡስ ሲያልፉት እንጂ ሙዚየሙ ውስጥ ገብተው አያውቁም። መግቢያው ነፃ ነው። ኮታችንን አውልቀን ቀጥታ ወደ ተርነር ሄድን።

መጀመሪያ ያቆመን ግን የተርነር ሥዕል አይደለም። ክሎድ ሎሬን የሚባለው ፈረንሳዊ በ1648 የሠራው የወደብ ሥዕል ነው። ወርዱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ፀሐይ ገና ከባሕሩ ላይ ብቅ እያለች ነው፤ ብርሃኗ ውሃው ላይ መንገድ ሠርቶ እስከ እግራችን ድረስ ይመጣል። በቀኝ በኩል ትልቅ ሕንፃ አለ። ከደረጃው ላይ ዘውድ የደፋች፣ ሰማያዊ ካባ የደረበች ሴት ወደ ጀልባ ትወርዳለች። ርዕሱን ለአክስቴ አነበብኩላቸው። የንግሥተ ሳባ ጉዞ መነሻ ነው።

«የኛዋ ማክዳ?» አሉ ተጠግተው። «አዎ አክስቴ።» ትንሽ አዩና «ታዲያ ግመሎቿ የታሉ የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በክብረ ነገሥት ንግሥቲቱ የተነሳችው 797 ግመል አስጭና ነው። የሰሎሞንን ወሬ ያመጣላት ነጋዴው ታምሪን ደግሞ 520 ግመልና 73 መርከብ ነበረው። ሰሎሞንም ሲሸኛት በባሕር የሚኬድበትንና በነፋስ የሚኬድበትን መጓጓዣ ሰጥቷታል። ስለዚህ መርከቡ ከኛም ታሪክ የራቀ አይደለም። ክሎድ ግን ሮም ተቀምጦ የሚያውቀውን የጣልያን ወደብ ነው የሳለላት። ለኔ ደስ ያለኝ ሰዓቱን ማግኘቱ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያ የንጋት አየር ሥዕሉ ውስጥ አለ። አክስቴም ትተውት መሄድ አቃታቸው።

ይህ ሥዕል ናሽናል ጋለሪ በ1824 ሲቋቋም መንግሥት ከሥዕል ሰብሳቢው አንገርስታይን ወራሾች ከገዛቸው 38 ሥዕሎች አንዱ ነው። ተርነር በወጣትነቱ አንገርስታይን ቤት ይህንኑ ሥዕል አይቶ «እንደዚህ መሣል መቼም አልችልም» ብሎ አለቀሰ ይባላል። ኋላ ዲዶ የምትባለዋ ንግሥት የጥንቷን የካርቴጅ ከተማ ስታስገነባ የሚያሳይ ትልቅ የወደብ ሥዕል ሠራ፤ በ1815 ለሕዝብ አሳየው። ሲናዘዝም ይህ ሥዕሉ ከክሎድ ሥዕሎች ጎን እንዲሰቀል አደራ አለ። አደራው ተጠብቆ ሁለቱ ንግሥቶች፣ ሁለቱ ወደቦች፣ ሁለቱ ፀሐዮች አብረው ይታያሉ። እኔ የክሎድን ንጋት እመርጣለሁ። የተርነር ፀሐይ ግን ትፋጃለች፤ ቢጫው ወፍሮ ስለተቀባ ቀና ብሎ ለማየት ዓይን ይፈተናል።

ከዚያ «የካሌ ወደብ» ጋ ሄድን። ወርዱ 240 ሴንቲ ሜትር ነው። ተርነር በ1802፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጥቂት ጊዜ ታርቀው ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ተሻገረ። ካሌ የሚባለው የፈረንሳይ ወደብ ሲደርስ ማዕበል ነበር፤ ማስታወሻው ላይ ልንሰጥም ለጥቂት ነው የተረፍነው ብሎ ጽፏል። በቀጣዩ ዓመት ያንን ቀን በዚህ ግዙፍ ሸራ ላይ አወጣው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጀልባዎቹ እርስ በርስ ሊላተሙ ነው። ከመሀል አንዲት የመርከብ ሸራ ብቻ ብርሃን አግኝታ ነጭ ሆናለች። ዓይን ከዚያች ሸራ አይነቀልም።

መጨረሻ ላይ «ቴሜሬር»ን አየን። 98 መድፍ የነበራት የጦር መርከብ ናት፤ በ1805 ትራፋልጋር በተባለው የባሕር ጦርነት ተዋግታለች። በ1838 ሺርነስ ከሚባለው ወደብ በቴምዝ ወንዝ ተጎትታ ልትፈራርስ ተወሰደች። ተርነር እንደ ነጭ መንፈስ አድርጎ ሣላት፤ ከፊቷ ጥቁርና ትንሽዬ የእንፋሎት ጀልባ እሳት እየተፋች ትጎትታታለች። «ውዴ» ይላት ነበር፤ አልሸጣትም። የእንግሊዝ ባለ 20 ፓውንዱ ኖት ላይ ያለችው እሷ ናት። አክስቴ ቦርሳቸውን ከፍተው ኖቱን አወጡና ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት። ስንት ጊዜ እጃቸው ገብታ ወጥታለች!

ማክሰኞ፣ ቴት ብሪተን

ዛሬ ወረቀቶቹን አየሁ። ተርነር ሲሞት ስቱዲዮው ውስጥ የነበረው ሁሉ ለመንግሥት ገባ። ወደ 300 የሚጠጉ የዘይት ቀለም ሥራዎች፣ ከ30,000 የማያንሱ ንድፎችና የውሃ ቀለሞች ናቸው። አብዛኛው ቴት ብሪተን የሚባለው የለንደን ሙዚየም ነው ያለው፤ በ1987 የተከፈተው የክሎር ሕንፃ የተሠራው ለዚሁ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ጥቂቱ ነው። የቀረውን ለማየት ቀጠሮ ይያዛል፤ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይፈቀድም።

የካሌን ደብተር አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። ሰማያዊ ወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ የተሠራ ነው። ትናንት ያየሁት ያ ሁሉ ማዕበል እዚህ ጥቂት ጭረት ነው። ሞገዱ አንድ ጥምዝ መስመር፣ አረፋው ሁለት የነጭ ጠመኔ ምት። ግን ማዕበሉ አለ፤ ምንም አልጎደለውም። ትልቁ ሸራ ላይ ሠዓሊው አስቦበት፣ አደራጅቶ፣ ለሚያየው ሰው ብሎ ሠርቶታል። እዚህ ግን ገና ልብሱ አልደረቀም።

ቀጥሎ ለ«የእንግሊዝ ወደቦች» የተሠሩት የውሃ ቀለሞች መጡ። በ1820ዎቹ ተርነር ለሕትመት ብሎ የሠራቸው ናቸው፤ ቶማስ ላፕተን የሚባል ሰው በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ አሳትሟቸዋል። ዶቨር፣ ራምስጌት፣ ፖርትስማውዝ፣ ስካርቦሮ፣ ቴሜሬር የተነሳችበት ሺርነስም አለ። እያንዳንዱ ከደብተር ገጽ አይበልጥም፤ 16 በ24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስካርቦሮ ላይ ቆየሁ። ባሕሩ ሸሽቷል፤ አሸዋው ረጥቦ ያበራል። ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ በጭጋግ ውስጥ ደብዝዟል። አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። ጭጋጉ ቀለም አይደለም፤ ቀለም ተቀብቶ ገና ሳይደርቅ በስፖንጅ የተነሳበት ቦታ ነው። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ሌሎቻችን ነጩን አስቀድመን እንጠብቃለን፤ ተርነር ግን አልብሶት ሲያበቃ መልሶ ያወጣዋል። ያጥባል፣ ይጠርጋል፣ በቢላ ጫፍ ይፍቃል፣ በጥፍሩም ይጭራል።

ስለ ጥፍሩ የተረፈ ታሪክ አለ። በ1818 ዮርክሸር ውስጥ ወዳጁ ዋልተር ፎክስ ቤት በእንግድነት ሳለ፣ ፎክስ የጦር መርከብ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ የሚያሳይ ሥዕል ጠየቀው። ተርነር ከቁርስ በኋላ ተቀመጠ። የፎክስ ልጅ አጠገቡ ሆኖ ያይ ነበር። ቀለሙን ወረቀቱ እስኪርስ አፈሰሰበት፤ ከዚያ ይቦጭረው፣ ይፍቀው ጀመር። ለልጁ ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። ቀስ በቀስ መርከቧ ከነገመዷ ብቅ አለች። ምሳ ሲቀርብ ሥዕሉ አልቆ ነበር። ዛሬ ቤድፎርድ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ከመሄዴ በፊት ባለሙያዋን ለምን ብዙዎቹ ተሰቅለው እንደማይቆዩ ጠየቅኋት። ብርሃን ነው አለችኝ። የዘይት ቀለም በዘይቱ ታቅፎ ይኖራል። የውሃ ቀለም ግን ስስ ነው፤ ወረቀቱ ላይ እንዲሁ አርፎ ይቀራል። ብርሃን ሲመታው ቀዩ መጀመሪያ ይሄዳል፤ አንዳንድ ሰማያዊም ይከተላል። ስለዚህ ሲታዩ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ በሆነ ደብዛዛ መብራት ነው፤ ከዚያ ወደ ሳጥን ይመለሳሉ። ተርነር ራሱ ቶሎ የሚለቅ ቀለም መግዛት ይወድ ነበር። ቀለም ነጋዴው ዊንሰር ሲወቅሰው «ያንተ ሥራ ቀለም መሥራት ነው፤ የኔ መጠቀም» ብሎ መለሰለት ይባላል።

ውሃም ሊወስዳቸው ነበር። በጥር 1928 ቴምዝ ሞልቶ የቴት ምድር ቤት ገባ። የተርነር ወረቀቶችም ከረጠቡት መካከል ነበሩ። ያንን ያሻገሩትን ሰዎች እጃቸው ይባረክ።

ረቡዕ፣ ማርጌት

ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተርነር በልጅነቱ እዚህ ትምህርት ቤት ተልኮ ነበር። ካደገም በኋላ በእንፋሎት መርከብ እየመጣ ወደቡ ዳር ሶፊያ ቡዝ የምትባል ሴት የምታከራየው ቤት ያርፍ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ተቀራረቡ። በስተርጅና ለንደን ቼልሲ አብረው ሲኖሩ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ «አድሚራል ቡዝ» ይሉት ነበር። የሞተውም እዚያ እሷ ቤት ነው።

የእንግዳ ማረፊያው በነበረበት ቦታ በ2011 ተርነር ኮንቴምፖራሪ የሚባል ጋለሪ ተከፍቷል። የራሱ ቋሚ ስብስብ የለውም፤ የዘመኑን ሠዓሊዎች ያሳያል። ዋናው ሀብቱ ለኔ መስኮቱ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ባሕሩን ያሳያል። ተርነር በዚህ አካባቢ ያለው ሰማይ ከአውሮፓ ሁሉ ያምራል ብሏል ይባላል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሕሩ ሸሽቶ ወደቡ ጭቃ ሆኖ ነበር። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ወደቡን የሚከልለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጬ ወረቀቴን ዘረጋሁ። በብርድና በእርጥበት ወረቀት አይደርቅም። አዲስ አበባ በበጋ የቀባሁት ሰማይ ብሩሼን አጥቤ ሳልጨርስ ይደርቃል፤ ጠርዙም ቁርጥ ብሎ ይታያል። እዚህ ግን ግራጫው ወደ ቢጫው ቀስ እያለ ገባ። ለረጅም ደቂቃ ሲራመድ አየሁት። ቀለሙን መልሶ ለማንሳትም ጊዜ ይሰጣል። ተርነር በስፖንጅና በጥፍር የሚሠራው ሥራ ከዚህ አየር ጋር አብሮ እንደሚሄድ እዚያ ተቀምጬ ነው የገባኝ። አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይዋ ጠለቀች። ፀሐይ ስትገባ ባሕሩ ሁሉ ይቀላል። ጣቶቼ ስለደነዘዙ እየሮጥኩ ሻይ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ፣ ደቡብ ኬንሲንግተን

ዛሬን ለቢራቢሮ ሰጠሁት። በጥር ለንደን ውጭ የሚበር ቢራቢሮ አይገኝም። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ግን ሚሊዮኖች አሉ።

የፈለግኋት ሴት ማርጋሬት ፋውንቴይን ናት። በ1862 ኖሪች አካባቢ ተወለደች። ሕይወቷን ሙሉ መረቧን ይዛ ወደ 60 በሚጠጉ አገሮች ቢራቢሮ ስትሰበስብ ኖረች። በ1901 ደማስቆ ላይ አስጎብኚዋ የነበረው ካሊል ኒሚ የሕይወት ጓደኛዋ ሆነ፤ በ1928 እስኪሞት ድረስ ብዙውን መንገድ አብረው ሄዱ። ወደ 22,000 የሚሆኑትን ቢራቢሮዎች ለኖሪች ሙዚየም ተናዘዘች። ስብስቡ የሁለቱንም ስም ይዟል። ማስታወሻዎቿን የያዘ ሣጥን ደግሞ እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 1978 እንዳይከፈት አዘዘች። በ1940 ትሪኒዳድ ውስጥ ቢራቢሮ ለመያዝ እንደወጣች ሞተች።

እዚህ ለንደን ያለው የውሃ ቀለም ደብተሯ ነው። ቢራቢሮውን ሳይሆን አባ ጨጓሬውን ነው የሣለችው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቢራቢሮ በመርፌ ተወግቶ ሲቀመጥ ክንፉ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። አባ ጨጓሬ ግን ከሞተ ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል። አረንጓዴው ይጠወልጋል፤ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል። ስለዚህ እንቁላሉን ፈልፍላ፣ ቅጠል እያበላች አሳድጋ፣ በሕይወት ሳለ ትሥለዋለች። የሚበላውን ቅጠል ጨምራ፣ ሙሽሬውንም አስከትላ። አንዱን በቅርብ አየሁት። ጀርባው ላይ ያሉት ፀጉሮች በአንድ ፀጉር ብሩሽ የተነጠሉ ናቸው፤ ቅጠሉ የተበላበት ጠርዝ ላይ ቡናማው ደረቅ ነው። ተርነር ውሃውን ለቆ ያሳድደዋል፤ እሷ አንዲት ጠብታ አታባክንም። ቀለሙ ግን ያው ነው፤ ጠላቱም ያው ብርሃን ነው። ደብተሩ እንደታየ ይዘጋል።

ከዚያ ሞርፎ የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ ቢራቢሮ አየሁ። ሰማያዊው ያስደነግጣል። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም የለም፤ ቅርፊቶቹ እጅግ ደቃቅ ንብርብር ስላላቸው ብርሃኑን ራሱን ሰብረው ሰማያዊ አድርገው ይመልሱታል። ስለዚህ እንደ ተቀባ ቀለም አይለቅም። ብዙ ዓመት የቆየ ሞርፎ ዛሬም ያበራል። የውሃ ቀለም ሠዓሊ ይህንን አይቶ አለመቅናት ይከብደዋል። እኔም ቀንቻለሁ።

ዓርብ፣ ባቡር ላይ

ከኪንግስ ክሮስ እስከ ኤድንብራ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። አክስቴ ድፎ ዳቦና በርበሬ የነካው እንቁላል ቋጥረውልኛል። ደርሃም ላይ ካቴድራሉ ከወንዙ በላይ ታየ፤ ተርነር ሥሎታል፤ ነገ ሥዕሉን አየዋለሁ። ኒውካስል ላይ ታይን ወንዝን ተሻገርን። ከዚህ ወንዝ ሠራተኞች በጨረቃ ብርሃን ድንጋይ ከሰል ወደ መርከብ ሲጭኑ የሚያሳየው የ1835 ትልቅ ሸራው ዋሽንግተን ነው ያለው። ከበርዊክ በፊትና በኋላ ባቡሩ ባሕሩን ታኮ ይሄዳል። ባሕሩ እርሳስ መስሏል። የቀረው ዝናብ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤድንብራ

ጥርን የመረጥኩበት ምክንያት ይኸው። ሄንሪ ቮን የሚባል ለንደናዊ የተርነርን የውሃ ቀለሞች ይሰበስብ ነበር። በ1899 ሲሞት 38ቱን ለስኮትላንድ ናሽናል ጋለሪ ተናዘዘ። ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ሕዝብ በነፃ ይያቸው። ሁለተኛ፣ የሚታዩት በጃንዋሪ ወር ብቻ ይሁን። ጃንዋሪ ለምን? የዓመቱ ደካማ ብርሃን ያለው በዚያ ወር ስለሆነ ነው። በቀሩት አሥራ አንድ ወራት በጨለማ ይቀመጣሉ። ይህ ልማድ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሰልፍ ነበር። አዛውንቶች፣ ልጅ የያዙ ወላጆች፣ ጫማቸው የረጠበ ተማሪዎች። በየዓመቱ የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ አንዲት ሴትዮ ለልጅ ልጇ የትኛው ሥዕል የት እንደነበር ትነግራት ነበር። ክፍሉ ደብዛዛ ነው። ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ።

ደርሃም አለ፤ ሃይድልበርግ አለ። እኔ ቬኒስ ጋ ቀረሁ። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ጀልባ የሚጠጋበት። ሌሊት ነው፤ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ከብዷል። በመሀሉ መብረቅ ወርዷል። አጎንብሼ ከጎን አየሁት። መብረቁ ቀለም አይደለም። የደረቀው ቀለም በስለት ወይም በጥፍር ተፍቆ ወረቀቱ የወጣበት ነው። የተላጠው ጠርዝ እንኳ ይታያል፤ ወረቀቱ ትንሽ ጸጉር አውጥቷል። እጁ አንዴ ነው ያለፈው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ሳያመነታ። ትናንት የተፋቀ ይመስላል። ወረቀቱ እንዲህ ትኩስ ሆኖ የቆየው አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት አስቦ ብርሃኑን ስለከለከለለት ነው።

በስልክ ስክሪን ያየሁት የዚሁ ሥዕል ምስል ሰማዩን ወይን ጠጅ ያደርገዋል። አይደለም። ሰማያዊው ከሥሩ አረንጓዴ አለው፤ ከአደባባዩ ሕንፃዎች አጠገብ ደግሞ ሞቅ ያለ ቢጫ ሾልኮ ይወጣል። ማስታወሻዬ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።

እንግሊዝና ስኮትላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ ትርኢቱ በየዓመቱ እስከ ጃንዋሪ 31 ይቆያል፤ መግቢያው ነፃ ነው። ቅዳሜ ከምትሄዱ በሥራ ቀን ጠዋት ብትገቡ ሰው ይቀንስላችኋል። አጉሊ መነጽር ያዙ። አየርላንድ ያላችሁ ደግሞ እስከዚህ መምጣት አያስፈልጋችሁም፤ ቮን ለዱብሊኑ ናሽናል ጋለሪም 31 የተርነር የውሃ ቀለሞች ትቶለታል፤ እነሱም የሚታዩት በዚሁ ወር ነው።